ከጭሱ በፊት ወሬው ይድረስ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አመድ ነው። አመድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከምድጃ ተጠርጎ ከደጅ የሚደፋውን ነው፤ «አመድ በዱቄት ይሥቃል» እያልንም እንተርትበታለን። እኔ የማነሣው አመድ ግን ከእንጨት የተገኘ አይደለም። እንዲያውም ስሙ አመድ ይሁን እንጂ ጠባዩ የዱቄት ነው፤ የድንጋይ ዱቄት ነውና። ይህ ዱቄት ከተራራ አፍ ተተፍቶ ወደ ሰማይ ሲወጣ አራት ሞተር ያለውን ታላቅ አይሮፕላን በአየር ላይ ጸጥ ለማድረግ ይችላል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ በገዛ አገራችን ከሆነው ልጀምር። በአፋር ክልል፥ በኤርታ አሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ሃይሊ ጉቢ የሚባል ተራራ አለ። እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፥ ማለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 23 ቀን 2025፥ ይህ ተራራ ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ አለ፤ ይህም የመንገደኛ አይሮፕላኖች ከሚበሩበት ከፍታ በላይ ነው። ከዚያም ነፋሱ ተቀብሎ ቀይ ባሕርን አሻገረው፤ በየመንና በኦማን በኩል አልፎ በማግሥቱ ከፓኪስታንና ከሕንድ ሰማይ ደረሰ። ኤር ኢንዲያ በአመዱ አካባቢ ያለፉትን አይሮፕላኖቹን ለመመርመር ሲል 11 በረራዎችን ሰረዘ።

በተራራው አካባቢ ያለችው አፍዴራስ ምን ሆነች? መንደሪቱ በአመድ ተሸፈነች። የሰው ሕይወት እንደ ጠፋ አልተነገረም፤ ነገር ግን ሣሩ አመድ ለብሶ ከብቱ የሚግጠው አጣ። እንግዲህ አንድ አመድ በሁለት ሰዎች ላይ ወደቀ። ዴልሂ ላይ ያለው መንገደኛ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ሳለ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። የአፍዴራው አርብቶ አደር ግን ማስጠንቀቂያው ራሱ ፍንዳታው ነበር። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? እንዴትስ ይጠባል? የንግግሬ ዐላማ ይህን መመርመር ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፥ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አመዱ አይሮፕላንን ለምን እንደሚጥል እንይ። የእሳተ ገሞራ አመድ ማለት በፍንዳታው ኃይል የደቀቀ ዐለትና በአየር ላይ ድንገት ቀዝቅዞ የጠነከረ መስታወት ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰው ሁሉ አመድ ይባላል፤ ሩቅ የሚጓዘው ግን ከላመ የጤፍ ዱቄት እንኳ እጅግ የደቀቀው ነው። የጄት ሞተር የሚሠራው አየር በብዛት እየሳበ ነው። ከአየሩ ጋር የገባው የድንጋይ ዱቄት በመጀመሪያ የፊተኞቹን ስለቶች ይሞርዳል። ቀጥሎ ነዳጁ ከሚነድበት ክፍል ይደርሳል። በዚያ ያለው ሙቀት ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊበልጥ ይችላል፤ የአመዱ መስታወት ግን በ1,100 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ ይቀልጥና ወደ ኋላ ተጕዞ፥ ትንሽ ቀዝቀዝ ካለው ከተርባይኑ ብረት ላይ እንደ ሙጫ ይለጠፋል። የአየሩ መተላለፊያ ይጠብባል፤ ሞተሩም ታፍኖ ይጠፋል። ከዚህም በላይ አመዱ የአብራሪውን መስኮት ፍቆ እንደ ጉም ያደበዝዘዋል፤ ፍጥነት የሚለካባቸውን ቱቦዎች ደፍኖ መሣሪያው ሐሰት እንዲናገር ያደርጋል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያለ ስጋት ብቻ አይደለም፤ ሆኗል። ጁን 24 ቀን 1982 የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኳላ ላምፑር ወደ ፐርዝ ሲበር በጃቫ ደሴት ላይ ከጋሉንጉንግ ተራራ አመድ ውስጥ ገባ። ሌሊት ነበር። አራቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። ከ250 ሰዎች በላይ የያዘው አይሮፕላን ከ37,000 ጫማ ጀምሮ ያለ ሞተር እየተንሳፈፈ ወደ 13,000 ጫማ አካባቢ ወረደ። ከአመዱ ሲወጣ በሞተሮቹ ውስጥ የተጋገረው መስታወት ቀዝቅዞ ስለ ተሰባበረ፥ ሞተሮቹ እንደገና ተነሡ። አብራሪዎቹም በተፋቀ መስኮት ውስጥ ውጭውን በደኅና ማየት ሳይችሉ ጃካርታ አሳረፉት። በአፍንጫቸው ፊት ያለውን ደመና ለምን አላዩትም? በአይሮፕላኑ አፍንጫ ውስጥ ያለው ራዳር የዝናብ ጠብታን ለማየት የተሠራ ነው፤ ደረቅና ደቃቅ አመድ አይታየውም። በሌሊት ደግሞ የሰው ዓይን አይረዳም።

ከሰባት ዓመት በኋላ፥ ዲሴምበር 15 ቀን 1989፥ ሌላ 747፥ የኬ ኤል ኤም የሆነ፥ 245 ሰዎችን ይዞ ወደ አንኮሬጅ ሲወርድ በአላስካ ሪዳውት ከሚባለው ተራራ አመድ ውስጥ ገባ። አሁንም አራቱ ሞተሮች ጠፉ። ሞተሮቹ እስኪነሡ ድረስ አይሮፕላኑ ከ14,000 ጫማ በላይ ወረደ። ሕዝቡ ዳነ፤ ለጥገናው ግን 80 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጀ።

ጓደኞቼ፤ እነዚህ ሁለት አደጋዎች አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በ1982 የአይሮፕላኑ ሰዎች ከሥራቸው ያለው ተራራ መፈንዳቱን አላወቁም። በ1989 ግን ተራራው እየፈነዳ መሆኑ ከአንድ ቀን በፊት ታውቋል፤ የጐደለው አመዱ በዚያች ሰዓት የት እንዳለ የሚገልጽ ወሬ በጊዜው ከአብራሪው ዘንድ መድረሱ ነው። ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያወቁትን ለሚያስፈልገው ሰው በሰዓቱ ማድረስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከዚህ ትምህርት በመነሣት የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ጋር ሆኖ የጥበቃ ሥርዐት አቆመ። በ1990ዎቹ ዓመታት ዘጠኝ የአመድ አማካሪ ማእከሎች ተመደቡ፤ እነርሱም ለንደን፥ ቱሉዝ፥ አንኮሬጅ፥ ዋሽንግተን፥ ሞንትሪያል፥ ቦነስ አይረስ፥ ዳርዊን፥ ቶኪዮና ዌሊንግተን ናቸው። እንደምትሰሙት በአፍሪቃ ምድር የቆመ አንድም የለም። የእኛ ሰማይ የሚጠበቀው ፈረንሳይ አገር ካለው ከቱሉዝ ነው፤ የሃይሊ ጉቢንም አመድ ተከታትሎ ያስታወቀው ይኸው ማእከል ነው።

የሥርዐቱ አካሄድ እንደሚከተለው ነው። የመጀመሪያው ሰንሰለት በተራራው ሥር ያለው መርማሪ ጣቢያ ነው። ይህ ጣቢያ ተራራው ያለበትን ሁኔታ በአራት ቀለም ያስታውቃል፤ አረንጓዴ ማለት ሰላም፥ ቢጫ ማለት የመናወጥ ምልክት አለ፥ ብርቱካናማ ማለት ሊፈነዳ ተቃርቧል ወይም አመዱ ጥቂት የሆነ ፍንዳታ ጀምሯል፥ ቀይ ማለት ብዙ አመድ የሚተፋ ፍንዳታ ቀርቧል ወይም ተጀምሯል ማለት ነው። ሁለተኛው አማካሪው ማእከል ነው፤ አመዱ አሁን ያለበትን፥ ከ6፥ ከ12 እና ከ18 ሰዓት በኋላም የሚደርስበትን እየገመተ፥ በየ6 ሰዓቱ ቢበዛ ያስታውቃል። ሦስተኛው በየአገሩ ያለው የሚቲዎሮሎጂ ጥበቃ ቢሮ ነው፤ ሲግሜት የሚባለውን ይፋ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አራተኛው የአየር ትራፊክ ተቈጣጣሪው ነው፤ አብራሪውን በሬዲዮ ይነግረዋል። አብራሪውም ድንገት ከአመድ ውስጥ ከገባ ተምሮ የያዘው ደንብ አለው፤ ለማምለጥ ሽቅብ አይወጣም፤ የሞተሩን ኃይል ቀንሶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ኃይል በጨመረ መጠን ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱም በጨመረ መጠን አመዱ ይቀልጣልና።

አማካሪው ማእከል ከቱሉዝ ሆኖ የአፋርን አመድ እንዴት ያየዋል? ቀድሞ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ይባል በነበረው በሳተላይት ነው። ምድር ሙቀቷን ወደ ላይ ስትረጭ፥ በመካከል ያለ ደመና ከዚያ ሙቀት ይውጣል። የዝናብና የበረዶ ደመና በ12 ማይክሮን ሞገድ ያለውን ሙቀት ይበልጥ ይውጣል፤ የድንጋይ አመድ ደግሞ በ11 ማይክሮን ያለውን ይበልጥ ይውጣል። ስለዚህ ሳተላይቱ በሁለቱ ሞገዶች ለክቶ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ፥ ውጤቱ ለውኃ ደመና ወደ አንድ ወገን፥ ለአመድ ወደ ሌላው ወገን ያደላል። ከቡና መቁያ የሚወጣውን ጭስ ከድስት እንፋሎት እንደሚለይ ሰው ማለት ነው። ከአመዱ ጋር የሚወጣውን የድኝ ጋዝ ደግሞ በአልትራ ቫዮሌት ጨረር የሚለዩ ሳተላይቶች አሉ።

ነገር ግን ሳተላይት ሁሉን ቻይ አይደለም። አመዱ ብዙ በረዶ ከተቀላቀለበት ወይም ከላዩ የዝናብ ደመና ከተጋረደበት ይሰወራል። የአልትራ ቫዮሌቱ መሣሪያም ፀሐይ ካልወጣች አያይም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ አመዱ ወደየት እንደሚሄድ ለማስላት የፍንዳታው መነሻ ሰዓት፥ የአመዱ ከፍታና ብዛት ያስፈልጋሉ። ነፋስ በየከፍታው አቅጣጫውም ፍጥነቱም ይለያያል፤ በ5 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ ምዕራብ ሲነፍስ፥ በ14 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ ምሥራቅ ሊነፍስ ይችላል። የስሌት መኪና እንደ ወፍጮ ነው፤ ገብስ ሰጥተውት የስንዴ ዱቄት አይመልስም። ትክክለኛውን እህል የሚሰጠው በተራራው ሥር የቆመው ጣቢያ ነው።

ማስጠንቀቂያ ሲዘገይ እንደሚጐዳ ሁሉ ሲበዛም ይጐዳል። ኤፕሪል 14 ቀን 2010 በአይስላንድ ኤያፍያላዮኩል የሚባለው ተራራ አመድ መትፋት ጀመረ። የዚያን ጊዜው ልማድ «አመድ ካለ በረራ የለም» የሚል ስለ ነበረ የአውሮፓ ሰማይ ለስድስት ቀን ያህል በሰፊው ተዘጋ። ወደ 100,000 የሚጠጉ በረራዎች ቀሩ፤ 10 ሚሊዮን ያህል መንገደኞች ተጕላሉ፤ የዓለም የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የአየር መንገዶቹን ኪሳራ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገመተው። ጉዳቱ በአውሮፓ ብቻ አልቀረም። በኬንያ ለአውሮፓ ገበያ የተቈረጠው አበባ የሚጭነው አይሮፕላን አጥቶ በሰበሰ፤ ቈራጩና አሳሪውም የቀን ሠራተኛ ያለ ሥራ ቤቱ ዋለ። በአይስላንድ የተነሣ አመድ ከምድር ወገብ አጠገብ ያለችን ሴት የዕለት እንጀራ ከአፏ ነጠቀ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በአውሮፓ «አለ ወይስ የለም» ከማለት ይልቅ «ምን ያህል አለ» ብሎ መጠየቅ ተጀመረ፤ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ 2 ሚሊግራም፥ ቀጥሎም 4 ሚሊግራም የሚል ወሰን ወጣ። ምን ያህል ለማለት ግን መለካት ያስፈልጋል፤ ለመለካትም መሣሪያና የተማረ ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቀጠናችን እንመለስ። ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. በኤርትራ፥ በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ፥ ናብሮ ተራራ ፈነዳ። በዚያ ተራራ ላይ የሚጠብቀው መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የፈነዳው ጐረቤቱ ዱቢ ነው ተብሎ ተወራ፤ የተራራው ስም እንኳ ተሳስቶ ነበር ማለት ነው። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሒላሪ ክሊንተን በአመዱ ምክንያት ጕብኝታቸውን አሳጥረው ሄዱ። የሚኒስትሯን አይሮፕላን ቀድሞ እንዲነሣ ለማድረግ የቻለ ወሬ ነበረ፤ በናብሮ ሥር ለሚኖረው ሕዝብ ግን ከተራራው መሣሪያ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ አልነበረም።

ሃይሊ ጉቢም ቢሆን ያለ ምልክት አልተነሣም። በጁላይ 2025 ኤርታ አሌ ከፈነዳ በኋላ ቅልጥ ዐለት በመሬት ውስጥ ተሰንጥቆ ወደ ደቡብ፥ ወደ ሃይሊ ጉቢ በኩል መጓዙን የራዳር ሳተላይቶች ለክተዋል። ባለፉት 12,000 ዓመታት ፈነዳ የሚል መዝገብ ስለሌለ ብዙ ጋዜጦች «ከ12,000 ዓመት በኋላ ተነሣ» ብለው ጻፉ። ይህ አባባል ጥንቃቄ ይፈልጋል። መዝገብ የለም ማለት ፍንዳታ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ቆሞ የጻፈ ሰው አልነበረም ማለት ሊሆን ይችላል። አርብቶ አደሩ ከአያቱ የሰማውን ማን ጠይቆ ጻፈለት?

ከመካከላችሁ እንዲህ የሚል ሊነሣ ይችላል፤ «በአገራችን ትምህርት ቤትና ሐኪም ያላገኘ ሕዝብ ሞልቶ ሳለ ስለ አይሮፕላን መጨነቅ የባለጠጋ ጭንቀት አይደለምን?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። በመጀመሪያ፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥቂቶች መዝናኛ ሳይሆን የአገር ሀብት ነው። በ1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ አድጎ በአፍሪቃ ትልቁ ሆኗል፤ አበባችን፥ ሥጋችን፥ መድኃኒታችንም በእርሱ ይመላለሳል። ሁለተኛና ዋናው ግን ይህ ነው፤ አይሮፕላኑን የሚያስጠነቅቀውና እረኛውን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ አንድ ነው። የመሬትን መንቀጥቀጥ የሚጽፈው ሴይስሞግራፍ «ተራራው ሊነሣ ነው» ሲል የሚናገረው ለቱሉዝ ብቻ አይደለም። ልዩነቱ ከመሣሪያው በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። ወደ ሰማይ የሚወስደው መንገድ በዓለም አቀፍ ደንብ ተጠርጓል፤ ወደ መንደር የሚወስደው ግን ገና አልተጠረገም።

ሊጠረግ እንደሚችልም አይተናል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ለወራት ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎች ከአደጋው ቀጠና እንዲነሡ ተደርጓል። የተፈራው ታላቅ ፍንዳታ አልደረሰም፤ ደርሶ ቢሆን ግን የተነሡት ሰዎች ሕይወት ይተርፍ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ዕውቀቱም በአገራችን ሥር የለሽ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የርዕደ መሬት መመልከቻ ጣቢያ ከቆመ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። መሥራቹ አባ ፒየር ጕዌን የመሣሪያውን ጽሑፍና የጥንቱን ዜና መዋዕል አስተባብረው የኢትዮጵያንና የአፍሪቃ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ከዚያ የምንማረው ጠባቂ ማለት አደጋ ሲደርስ የሚሮጥ ሳይሆን አደጋ በሌለበት ቀንም መዝገቡን የማይዘጋ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ከእኛ ከተማሪዎች ምን ይጠበቃል? ሦስት ነገሮች አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ መሣሪያ እንዲተከል ብቻ ሳይሆን እንዲጠበቅ እንጠይቅ። በአፋር በረሃ ሙቀቱ ባትሪ ይገድላል፤ አቧራው የፀሐይ ኃይል መቀበያውን ይሸፍናል። ብዙ ጊዜ የሚታየው የምርምር ሥራ ከውጭ በመጣ ገንዘብ ተጀምሮ ገንዘቡ ሲያልቅ የሚያልቅ ነው። በአገሪቱ ከ50 በላይ እሳተ ገሞራዎች ስላሉ ጥበቃው የቋሚ በጀት ሥራ እንጂ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ሊሆን አይገባውም። የፊዚክስ፥ የጂኦሎጂና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን በዚህ ላይ ቢያደርጉ፥ መሣሪያው ሲሰበር የሚጠግነው ሰው በቅርብ ይገኛል።

ሁለተኛ፤ ማስጠንቀቂያው ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ይተርጐም። «ብርቱካናማ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ለአብራሪ የሚነገረው ቃል፥ በአፋርኛ ለባላገሩ ሲነገር፥ ከብቱን ወዴት ይንዳ፥ የውኃ ጕድጓዱን በምን ይክደን፥ አፍና አፍንጫውን በምን ይሸፍን የሚለውን ጭምር መንገር አለበት። ይህ የቋንቋ፥ የጤናና የግብርና ተማሪዎች ሥራ ነው። አፋሮች ወሬ የሚለዋወጡበት «ዳጉ» የሚባል ጥንታዊ ልማድ አላቸው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በጥንቃቄ ይነጋገራሉ፤ የሐሰት ወሬም ነውር ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ያለው አገር ማስጠንቀቂያ የሚያደርስ መልእክተኛ አጣሁ ሊል አይችልም። የቀረው ጣቢያውን ከዳጉ ጋር ማገናኘት ነው።

ሦስተኛ፤ መዝገብ እንያዝ። ለዕረፍት ወደ አፋር የሚሄደው ጓደኛችን ሽማግሌዎችን ይጠይቅ፤ የትኛው ተራራ በማን ዘመን እንደ ጨሰ፥ አመዱ ወዴት እንደ ሄደ፥ ከብቱ ስንት ቀን ሣር እንዳጣ ይጻፍ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል። የነገው ሳይንቲስት «መዝገብ አልተገኘም» ብሎ እንዳይጽፍ የዛሬው ተማሪ ሊከለክለው ይችላል።

ጓደኞቼ፤ ተራራ ከመፈንዳት በአዋጅ አይከለከልም፤ ነፋስም ፓስፖርት አይጠየቅም። የሰው ድርሻ ከአመዱ ቀድሞ መድረስ ነው። በ40,000 ጫማ ላይ ለሚበረው ሰው ይህ ሥርዐት ከሞላ ጐደል ተሟልቶለታል፤ መሟላቱም ደስ ሊለን ይገባል። ነገር ግን በዚያው ተራራ ሥር ፍየሎቹን ይዞ የሚያድረው ወገናችን ከአይሮፕላኑ ኋላ እንዲሰማ የፈረደበት የተፈጥሮ ሕግ የለም። ይህን የሚወስነው የእኛ ትጋት ወይም የእኛ ስንፍና ነው።